ጎመን ለብቻው ሲመጣ

መስከረም በጠባ ቁጥር «እንኳን ለጸደይ ወራት አደረሳችሁ» የሚለን ሰው አይጠፋም። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በእነሱ አቈጣጠር ጸደይ ማለት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ደግሞ ስሙ መጸው ነው። ክረምት እንኳ እስከ መስከረም 25 ድረስ ወንበሩን አይለቅም። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተውና እኔ ስለ ሌላ የቀን መቍጠሪያ ላውራ፤ ስለ ሆድ የቀን መቍጠሪያ።

የሆድ የቀን መቍጠሪያ ወርን የሚያውቀው በሚበላው ነገር ነው። ነሐሴ ማለት በየመንገዱ ዳር ከሰል ላይ የሚገላበጥ የበቆሎ እሸት ነው፤ እሾሃም በለስ በቢላ እየተላጠ የሚሸጥበትም ጊዜ ነው። መስከረም ተገባዶ ጥቅምት ሲጠባ የባቄላና የአተር እሸት ብቅ ይላል። ዱባውም ሆዱን ገልብጦ ይመጣል። ከኅዳር ወዲያ ደግሞ በክረምቱ መውጫ በጥቁር አፈር ላይ የተዘራው፣ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ብቻ ያደገው ሽምብራ ተራውን ይይዛል። ከነግንዱ ተነቅሎ በእስር በእስር ይሸጣል፤ ቅጠሉ ጣትን ጎምዛዛ አድርጎ ስለሚተው ልጆች ፍሬውን ከመፈልፈል ይልቅ ጣታቸውን መላስ ይወዳሉ። እንግዲህ ይኼ ሁሉ በአራት ወር ውስጥ መጥቶ የሚያልፍ በረከት ነው። ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል።

እኔ ጓዳ የምገባ ወንድ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ስትሆን ማጀቱ ለእኔ ይለቀቃል። አብራን የምትኖረው እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ይኼን እንደ ውርደት ቈጥራው ነበር። «ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ ቅቤ ይጎድላል» እያለች ከበሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ኋላ ግን የማልሰርቅ መሆኔን ስታይ በርጩማዋን ይዛ ገባችና አዛዥ ሆነች። ዛሬ ስለ እሸት አበሳሰል አውቃለሁ የምለው ነገር ካለ ሁሉም ከዚያ በርጩማ ላይ የተነገረኝ ነው።

ዋናው ትምህርት አንድ ነው፤ እሸት ብዙ አይፈልግም። እኛ የከተማ ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አለን። ምንም ነገር ይምጣ ምን፣ መጀመሪያ ሽንኩርት እስኪከስል እናቁላላለን፤ ከዚያ በርበሬ እንነሰንሳለን፤ ከዚያ ቅባት እንጨምራለን። ይኼ ዘዴ ለደረቀ እህል የተፈጠረ ነው። ጎተራ ውስጥ ወራት የቈየ አተርና ምስር ጣዕሙን በእሳትና በቅመም ማስመለስ ይቻላል፤ ይገባዋልም። ትናንት ከማሳው የመጣው ግን ጣዕሙን ይዞ ነው የመጣው። እሱን በበርበሬ መቅበር እንግዳን ተቀብሎ እንዳይናገር አፉን እንደ መያዝ ነው። እናቴ እንደምትለው፣ «ለደረቀው ደግስለት፤ ለእሸቱ ግን እሳት አሳየውና ተወው።»

በቆሎውን እንይ። በቆሎ ከአገዳው ከተለየባት ሰዓት ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ስታርች ይለወጣል። ጠዋት የተቆረጠውን ማታ ሲበሉትና በሦስተኛው ቀን ሲበሉት ያው በቆሎ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሲገዙ ልባሱ አረንጓዴና እርጥብ የሆነውን ይምረጡ፤ ገለጥ አድርገው አንዲቱን ፍሬ በጥፍር ይጫኗት፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ልክ ነው፤ ውኃ ብቻ ከወጣ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ ለቂጣ ይሆናል። ለመቀቀል ከሆነ አንድ ሁለት ቅጠል ልባስ እላዩ ላይ ይተዉለት፤ ውኃው ሲፈላ ይጨምሩት፤ ጨውን በመጨረሻ። ከዚህ በላይ የሚደረግለት ነገር የለም።

የባቄላ እሸት ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከቆባው ይፈለፈላል፤ ጨቅላ ከሆነ እንዳለ ይበላል፤ ጠንከር ካለ ደግሞ የውስጡም ልብስ ይገፈፋል። አንድ ራስ ሽንኩርት ደቅቆ በጥቂት ዘይት ሳይጠቁር ይለሰልሳል። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይከተላል። ከዚያ ባቄላው ገብቶ ለወሬ ያህል ውኃ ጠብ ይደረግበትና ይከደናል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል። ከወረደ በኋላ አንድ ቃሪያ ተሰንጥቆ ጣል ይደረግበታል፤ ከእሳቱ ጋር ሳይሆን ከትኩሳቱ ጋር እንዲተዋወቅ ነው። በርበሬ የለም፤ እርድ እንኳ የለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዘመነ ጽጌን በፈቃዱ የሚጾም ሰውም በዚህ ከመጾም ይልቅ የተጋበዘ ይመስለዋል።

ዱባም እንደዚሁ ነው። እሱ ከእሸት ይልቅ ለጎተራ ቢቀርብም፣ በጥቅምት ያለው ዱባ የራሱ ጣፋጭነት አለው። በወፍራሙ ተቆርጦ፣ ከሽንኩርትና ከተወቀጠ ዝንጅብል ጋር በራሱ ውኃ ይበስላል። ማማሰያ አያብዙበት፤ ይፈርሳል።

ገበያውንም አንድ ነገር ልበል። ቀድሞ እሑድ እሑድ ጠዋት ፒያሳ አትክልት ተራ መውረድ ልማዴ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሻገረ። ለእኔ ራቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እሸቱን የምገዛው ከሰንዳፋና ከሱሉልታ በኩል ተሸክመው መጥተው መንገድ ዳር ከሚዘረጉት ባላገሮች ነው። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ ይበልጣል፤ ግን ሻጯ መቼ እንደ ቆረጠችው ትነግርዎታለች፤ ይኼ ደግሞ ለእሸት ከሚዛኑ ይበልጣል።

እስካሁን ያወራሁት የደስታ ወሬ ነው። አሁን ወደ ጎመኑ ልምጣ።

በቤታችን የጎመን ሊቅ እናቴ ናት። ከጓሯችን ስትለቅም የታችኛውን ቅጠል ብቻ ትወስዳለች፤ ልቡን አትነካም፤ ያው ተክል መልሶ እንዲሰጣት። አንድ ሁለት እግር ደግሞ አትለቅመውም፤ አብቦ ጎመን ዘር እንዲያፈራ ትተወዋለች፤ በእሱ ምጣዷን ታስስበታለች። የጎመኑን አጥንት ትነጥላለች። ውኃው ሳይፈላ አትጨምረውም። ከጨመረችም በኋላ ወዲያው አትከድነውም፤ «መጀመሪያ ይተንፍስ» ትላለች። እኔ ኋላ እንዳነበብኩት ነገሩ እውነት ነው፤ ጎመን ሲሞቅ ከውስጡ የሚለቀው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ካልወጣ አረንጓዴውን መልክ ያጠፋዋል፤ እሳት ላይ ሲቈይ ደግሞ ያ የምናውቀው የድኝ ሽታ ይበረታል። እናቴ ይኼን መጽሐፍ ሳታይ ታውቀዋለች። ሲለሰልስ ታወጣዋለች፤ ጨምቃ በቢላ ትከትፈዋለች፤ ከለሰለሰ ሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ታገላብጠዋለች። ጨው በመጨረሻ። አቤት ሲያምር! መልኩ ከጓሮው ያልወጣ ይመስላል።

ይኼን ጎመን ግን እናቴ አትበላም ነበር።

ለዓመታት ልብ አላልኩትም። እያበሰለች ስለምትቀምስ የጠገበች ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳየው እጇ ወደ ጎመኑ አይሄድም፤ ሽሮውን፣ ምስሩን ትጠቅሳለች፤ ጎመኑን ወደ ልጆቹ ትገፋለች። ልጄ አንድ ቀን «እማማ፣ ለምን አትበይም? አንቺ የሠራሽው እኮ ነው» ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ሳታስብበት፣ «እኔ ድርሻዬን በልቻለሁ» አለቻት።

ያን ማታ ድርሻዋ ምን ያህል እንደ ነበር ነገረችን።

የተወለደችው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ የምታወራው ስለ 1940ዎቹ ዓመታት ነው። ገብስ አብቃይ አገር ነው። አባቷ ድኻ የሚባሉ ሰው አልነበሩም፤ ጥንድ በሬ ነበራቸው። ቢሆንም ሰኔ ላይ ጎተራው ይጎድላል። የቀረው እህል የዘር ነው፤ የዘር እህል ደግሞ አይነካም። ሐምሌ ይገባል። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ላሟ ትነጥፋለች፤ የሚበቅለው ጎመን ብቻ ነው። ጎመን በጨው ጠዋት ይበላል፤ ጎመን በጨው ማታ ይበላል። እናቷ ከተገኘ አንድ እፍኝ ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ ካልተገኘ ያለ ዱቄት። ጓሮው ሲመናመን ልጆቹ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳማ ይለቅማሉ። «ሆዳችን ይሞላል» አለች እናቴ፣ «ግን አንጠግብም። ሁለቱ አንድ ይመስላችኋል፤ አንድ አይደሉም።»

ይኼ ረሀብ ተብሎ የተመዘገበ ዘመን አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ ያለቀበትን ክፉ ቀን፣ አያቷ ከወላጆቻቸው የሰሙትን፣ ለልጆቹ ይተርኩላቸው ነበር፤ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የእነሱ ክረምት ምንም አልነበረም። በየዓመቱ የሚመጣ፣ ማንም ስም ያልሰጠው፣ ሰው ሳይሞትበት የሚያልፍ የሁለት ወር መራብ ነው። ስም ስላልተሰጠው ግን አልተረሳም። አገሩ ሁሉ አንድ አባባል አውጥቶለታል፤ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ»። እኛ ከተሜዎች ይኼን በመስቀል ሰሞን እንደ ቀልድ እንጠራዋለን። እናቴ ግን ምንቸቱን ታውቀዋለች። አያቷ በመስቀል ዋዜማ አጥበው፣ አፉን ወደ ታች ደፍተው ከደጅ ያስቀምጡት ነበር፤ ልጆቹም አልፈው ሲሄዱ ዓይናቸውን ይመልሱ ነበር አለች።

ስለ እሸትም ያን ማታ የሰማሁት ነገር ከዚያ በፊት አልገባኝም ነበር። መስከረም አጋማሽ ላይ ገብሱ ገና አረንጓዴ ሳለ አባቷ ማጭድ ይዘው ወደ ማሳው ይወርዳሉ። ዛላውን ቆርጠው ያመጡና በእሳት ለብ ለብ ተደርጎ በመዳፍ እየታሸ ይበላል። ልጆቹ ይጨፍራሉ። እናቷ ግን ይቈጣሉ፤ «ዛሬ የምትቆርጠው የሚያዝያን እንጀራ ነው» ይላሉ። ነገሩ ትክክል ነው። እሸት ሆኖ የተበላ ዛላ ወደ አውድማው አይደርስም፤ ፍሬው ገና ስላልሞላ ከደረሰው ይልቅ ያነሰ ነው። ገበሬ እሸት ሲበላ ከራሱ ጎተራ እየተበደረ ነው፤ ዕዳውንም በሚቀጥለው ክረምት በጎመን ይከፍላል። እኛ ደግሞ መኪና አቁመን፣ መስኮት ዝቅ አድርገን፣ «እሸቱ ስንት ነው?» እንላለን። ባላገሯ የምትሸጥልን ምናልባት ትርፏን ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሚያዝያዋን። ፊቷን አይተን ማወቅ አንችልም።

ከዚህ ወዲያ አንባቢ «እንግዲህ ጎመኑን እንተወው ወይ?» ይል ይሆናል። እኔም ይኼው ጥያቄ ነበረብኝ። ለእኔ ጣፋጭ የሆነውን፣ ለእናቴ የሐምሌ መራብ የሆነውን ነገር በአንድ ገበታ ላይ እንዴት አድርጌ ላቅርብ?

መልሱ የመጣው ከጎረቤት ነው። ግቢያችን አጠገብ የሚኖሩ የጉራጌ ቤተሰቦች አሉ። ሁሉም እንደሚያውቀው በጉራጌ መስቀል ሥጋው ከመምጣቱ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ። ጎመኑ እንደ ሐር ይደቅቃል፤ ቅቤ፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ ይገባበታል፤ አይብና ቆጮ ከጎኑ ይቀመጣል። አንድ ዓመት ከዚህ ክትፎ በጣባ አድርገው ላኩልን። እናቴ ጣባውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም በእጇ ቆንጠር አድርጋ፣ አይቡን አስከትላ ጎረሰች። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። እሷ ግን እንደ ተራ ነገር ቈጥራው ሌላ ደገመች፤ ዞር ብላም እንዲህ አለችኝ፤ «ምን ታፈጣለህ? ጎመን ጠላቴ አይደለም። ለብቻው ሲመጣ ነው የምፈራው።»

ይኼን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። ነገሩን ሳስበው የአገሬው አብሳዮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ዝናቡ ሣሩን ያበቅላል፤ ሣሩ ላሟን ያጠግባል፤ መስከረም ላይ ወተቱ ይበዛል፤ ከወተቱ ቅቤው፣ ከቅቤው የተረፈው አሬራ በለዘበ እሳት ሞቆ አይብ ይሆናል። አይብ በጎመን የሚባለው ምግብ እንግዲህ አንድ ሰው ተቀምጦ የፈጠረው አይደለም፤ ክረምቱን በሙሉ ለብቻው የቈየው ጎመን መስከረም ላይ ከዘመዱ ሲገናኝ ነው። ያው ጎመን ነው። ምንቸቱም ያው ሊሆን ይችላል። የተለየው ከጎኑ የተቀመጠው ነው።

ዛሬ «ቀላል ምግብ» ማለት ፋሽን ሆኗል። ሐኪሞችም ቅባትና ጨው ቀንሱ፣ አረንጓዴ ቅጠል አብዙ ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔም ከላይ «እሸት ብዙ አይፈልግም» ብያለሁ፤ አልሽረውም። ነገር ግን ቀላል ምግብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጓዳው ሞልቶ ሳለ መርጠው የሚተዉት ነው፤ ሌላው የሚመረጥ ነገር ሳይኖር የሚቀርብ ነው። በሳህን ላይ ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ በሆድ ውስጥ ግን አይተዋወቁም። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት የምንተርተው አብዛኞቻችን ጤናውንም ከጎመኑ ሌላውንም የያዝን ነን።

ሁለተኛው ዓይነት የገጠር ብቻም አይደለም። በሰፈራችን አንዲት ክፍል ተከራይታ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት አለች፤ በግንባታ ሥራ አሸዋና ድንጋይ ትሸከማለች። ወሩ ሲጋመስ ከሱቁ የምትገዛው አንድ እስር ጎመንና ጥቂት ሽሮ መሆኑን እናቴ ከእኛ በፊት አየችው። ስለ ረሀብ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ፤ ያየችው እሷ። ከዚያ ወዲህ የጎመን ወጥ በሠራን ቁጥር አንድ ሳህን ወደዚያ ቤት ይሄዳል። መጀመሪያው ዕለት ልጄ ሳህኑን ይዛ ልትወጣ ስትል እናቴ ከበሩ መለሰቻት። «ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው? ለሰው ቤት ጎመን ለብቻው አይላክም» አለቻት። በፍስክ ቀን አይብ፣ በጾም ቀን ደግሞ የባቄላው እሸት ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ከጎኑ ሆነና ሄደ። ሳህኑም ባዶውን አይመለስም፤ ሴትየዋ አንድ ጊዜ ሎሚ፣ አንድ ጊዜ ከአገሯ የመጣ በሶ ታደርግበታለች።

እንግዲህ ለአንባቢ የማቀብለው የአሠራር ምክር ይኼው ነው። በዚህ መጸው ወደ ገበያ ሲወጡ እሸቱን በዕለቱ የተቆረጠውን ይምረጡ፤ በዕለቱም ያብስሉት። ቁሌቱን ይቀንሱ፤ በርበሬውን ለደረቀው እህል ያቆዩለት። ጎመኑን በፈላ ውኃ ይጨምሩት፤ እስኪተነፍስ አይክደኑት፤ ከመጥቈሩ በፊት ያውርዱት። ባላገሯ ዋጋ ስትነግርዎ ስለ ሚያዝያ ያስቡ፤ ከዚያ በኋላ መከራከር ከፈለጉ ይከራከሩ። ጎመኑን የገዙ ዕለትም ከጎኑ የሚሆነውን አብረው ይግዙ።

እናቴ ዛሬ ጎመን ትበላለች። ከበርጩማዋ ተነሥታ ወደ ገበታው ስትቀርብ ግን አስቀድማ የምታየው ጎመኑን አይደለም፤ ከጎኑ ያለውን ነው።